ካምቢዮውን የነካ እጅ

አባወራው የተገኙት በገዛ ግቢያቸው በር ሥር ነው። ነጩ መኪና ቁልቁለቱን በኋላው ተንሸራቶ ወርዶ ከብረት በሩ ጋር አጣብቋቸው ነበር። ጎረቤት ተሯሩጦ መኪናውን ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ላይ ገፍቶ ጎማውን በግንድ ሲያስደግፍ ትንፋሻቸው አልነበረም። ጉልበታቸው እንደታጠፈ፣ አንድ እጃቸው ወደ ፊት እንደተዘረጋ ቀሩ። ከእጃቸው አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወድቋል። እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይስጥ።

ጊዜው ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ነው። ጨለማ ቢሆን ሰው ይፈራል፣ ይጠነቀቃል። ሻይ ተቀድቶ፣ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ፣ ግቢው ብርሃን በብርሃን ሆኖ ሳለ ሞት እንዲህ ዘው ብሎ ይገባል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

መርማሪዋ ስትደርስ ወጣቱ ፖሊስ በሩ ላይ ተቀበላት። ነገሩ ያለቀለት መስሎታል።

«አደጋ ነው አለቃ። መኪናውን መጨረሻ ያቆመችው ልጃቸው ናት። ገና ለማጅ ናት፤ ረስታ ነው። ወደ ጣቢያ ልወስዳት ነበር።»

«መኪናውን ማን ከፈተው?»

«ማንም። ጎረቤቶቹ ከውጭ ነው የገፉት። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ማንንም አላስጠጋሁም። መስታወቱም ጥቁር ስለሆነ ውስጡ አይታይም።»

«እንግዲያስ ካምቢዮው የት ላይ እንዳለ ያየ ሰው የለም?»

«የለም። እኔም አላየሁም።»

«አሁን የምናየውን ለማንም እንዳትናገር።»

መርማሪዋ አጭር፣ ቀጭን፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የምትሄድ ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ሰው ግን የሚፈራት ለዚህ ነው። የመኪናውን በር ከፍታ ጎንበስ ብላ አየች። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል። ካምቢዮው ኤን የሚለው ፊደል ላይ ቆሟል፤ ዜሮ ማርሽ ማለት ነው። ቁልፉ ማስገቢያው ላይ የለም። ከካምቢዮው ጎን ጥፍር የምታክል ክዳን ተፈንቅላ ምንጣፉ ላይ ወድቃለች፤ እሷ ትሸፍነው የነበረው ጠባብ ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ይታያል።

መርማሪዋ ቁልፉን ከቤት አስመጣች። አስገብታ አዞረችው፤ ከዚያ መልሳ ልታወጣው ሞከረች። ደጋግማ ሞከረች። እምቢ ሲላት እዚያው ትታ በሩን ዘጋች።

ሳሎን ውስጥ ልጅቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም ብላለች። የሟቹ ባለቤት፣ እናትየው፣ መርማሪዋን ገና ሲያዩዋት ተነሥተው መንገድ ዘጉ።

«ልጄን አትውሰጂብኝ። ባሌን አጥቻለሁ። እሷን ደግሞ ከወሰዳችሁ ይቺን ሕፃን ምን ልበላት?»

«ይቀመጡ እማማ። አሁን ማንንም አልወስድም።»

«አሁን? አሁን ነው ያልሽው?» እናትየው ቃሉን ያዙት። ከልጃቸው ጎን ተጠግተው ተቀመጡ።

መርማሪዋ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«መኪናውን ስታቆሚው ካምቢዮው የት ላይ ነበር?»

«ፒ ላይ። ማቆሚያው ላይ። የእጅ ፍሬኑንም ስቤዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነበርኩ። ሰዉ ሁሉ ‹ረስተሽ ነው› ሲለኝ ግን የገዛ እጄን ተጠራጠርኩት።» እንባዋ መጣ። «ረስቼ ከሆነ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው እኮ።»

«ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና አለ። ለምን?»

«ለቤታችን የምንገዛውን እንድንመርጥ ደላላው አምጥቶ ትቶልን ነው። ግራጫው ማኑዋል ነው፤ ነጩ አውቶማቲክ። እኔ ግራ እግሬ በልጅነቴ ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም፤ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስረግጥ ይከዳኛል። ለእኔ የሚሆነኝ አውቶማቲኩ ብቻ ነው። አባዬ ደግሞ ዕድሜውን በከባድ መኪና የጨረሰ ሰው ነው። ‹ማርሽ ያልቀየረ ሰው ነዳ አይባልም፤ ተጫነ ነው የሚባለው› ይለኝ ነበር።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ስንከራከር ነው የከረምነው። ዛሬ ግን ከጎኔ ተቀምጦ ሰፈሩን አዞርኩት። ስንመለስ ሻይ ላይ ለሁሉም ተናገረ። ‹ነጩ ይገዛ። እግሯ ሳይሆን ዐይኗ ነው የሚነዳው፤ ዐይኗ ደግሞ ጥሩ ነው› አለ።» የልጇን ፀጉር መደባበስ ያዘች።

የልጅቷ ባል ከጓዳ ወጥቶ ከመሐል ገባ። የቢሮ ሰው ነው፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«እሷን ተዉአት። መኪናውን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ? ካምቢዮውን የት ላይ አደረግከው?»

«እ… አንደኛ ማርሽ ላይ።»

«አውቶማቲኩን?»

እናትየው በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል እንኳ «ወይ ልጄ! ብስክሌት እንኳ መንዳት አይችልም እኮ» አሉ።

«ሚስትህን የምታድናት እውነቱን ስትነግረኝ ነው» አለች መርማሪዋ። «ቁልፉ የት ነበር?»

«እንደገባች ከእጇ ተቀብዬ እዚያ ምስማር ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሻይ ስንጠጣ ፊት ለፊቴ ነበር። በሩ ሲጮህም፣ ደንግጠን ስንወጣም እዚያው ነው የተንጠለጠለው። ማንም አልነካውም።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ይሄ ይጎዳታል እንዴ?»

መርማሪዋ ምስማሩን አይታ ተነሣች።

ደላላው ተጠርቶ መጣ። የሰፈሩ ሰው «ጨራሹ» ነው የሚለው፤ ዋጋ ሳይነገር ገና «ጨረስን!» ስለሚል ነው። ዛሬ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ነገሩ ሲከሰት የት ነበርክ?»

«ገበያው ውስጥ እመቤቴ! ደንበኛ ይዤ፣ ሰው ሙሉ እያየኝ። ጠይቁ። የመኪናው ፍሬን ምንም የለበትም፤ በልጆቼ እምላለሁ።»

«ጠይቀናል፤ ገበያ ነበርክ። ይቺ ከካምቢዮው ጎን ያለች ክዳን የምን ናት?»

«እሷማ ለክፉ ቀን ናት። አውቶማቲክ ፍሬን ካልረገጡለት፣ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ከፒ አይላቀቅም። ጠዋት ስናመጣው መታጠፊያው ላይ ባትሪው ሞተብን። ክዳኗን አንሥቼ በቀጭን ነገር ቀዳዳውን ወጋ ሳደርገው ካምቢዮው ተላቀቀ። ገፍተን ዳር አስያዝነውና ከሌላ መኪና ባትሪ አስነካነው።»

«ከማን ጋር ገፋችሁ?»

«ከትልቁ ልጃቸው ጋር። እንዲያውም ‹ይሄን ሁሉ ዘመን በመሪ ላይ ኖሬ ይቺን አላውቅም ነበር› ብሎ ሳቀ።»

ታላቅ ወንድምየው ጓሮ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ መሥመሩ ሲዘጋ ሥራውን አጣ። ዐይኑ ቀልቷል። ማልቀሱ እውነት ነው፤ ይህንን መርማሪዋም አይታለች።

«በሩ ሲጮህ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ስልክ ላይ ነበርኩ።»

«አባትህ ነጩ ይገዛ ሲሉ ተከፋህ?»

«ምን ያስከፋኛል? የምለውን ብያለሁ። ማኑዋል ይታዘዝሃል፤ አውቶማቲክ ግን የራሱ ሐሳብ ያለው ነገር ነው። ይኸው አላየሽም? እኔ እህቴን አልወቅስም። ዜሮ ላይ ትታው ወረደች፤ በቃ፣ ማንም ሾፌር ላይ ይደርሳል።»

«አንተ ነጩን ነድተኸዋል?»

«እኔ? አውቶማቲክ ካምቢዮ በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

መርማሪዋ አመስግናው ዞረች። ጥቂት ሄዳ ቆመችና ቁልቁለቱን፣ በሩን፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አየች። ከዚያ እናትየውን ለብቻቸው ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻቸው።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ለምን ወጡ?»

«አየር ሊወስድ ነዋ።»

«ሻያቸውን ሳይጨርሱ?»

እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ ጠመዘዙት፣ ፈቱት፣ መልሰው ጠመዘዙት።

«ብነግርሽ ልጄን ትወስጃታለሽ።»

«ካልነገሩኝ ነው የምትወሰደው።»

እሳቸውም በመጨረሻ ነገሯት፤ በሹክሹክታ፣ ግድግዳው እንዳይሰማ እየፈሩ።

አመሻሹ ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ትንሿን ልጅ ጎረቤት ወስዳታለች። ወጣቱ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ መኪና ሲገኝ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ነበር» አለች። «ቁልፉ ደግሞ እዚያ ምስማር ላይ።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ረስቼው ነው ማለት ነው!»

«አይደለም የኔ እህት። ልትረሺው አትችይም። ማኑዋል መኪና ላይ ማርሹን ዜሮ ትተሽ ቁልፉን ነቅለሽ መሄድ ይቻላል፤ በየቀኑ የሚሆን ነው። ይሄ ነጩ ግን ካምቢዮው ፒ ላይ ካልገባ ቁልፉን አይለቅም። ዛሬ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ እምቢ ነው ያለኝ። ቁልፉ እዚህ ከተሰቀለ፣ ስትወርጂ ፒ ላይ ነበር። ባልሽ ደግሞ ቁልፉ ከምስማሩ እንዳልወረደ አይቷል።»

ባልየው የሚስቱን እጅ ፈልጎ ያዘ።

«እንግዲህ አንድ ሰው ከእሷ በኋላ መኪናው ውስጥ ገብቷል። ያለ ቁልፍ ካምቢዮውን ከፒ ለማላቀቅ መንገዱ አንድ ነው፤ ክዳኗን ማንሣትና ቀዳዳውን መውጋት። ክዳኗ ወድቃ ተገኝታለች። ይህንን ጠዋት ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጨራሹ ገበያ ነበር።»

«እኔ የለሁበትም ብያለሁ!» አለ ጨራሹ።

«ዝም በል። አንተ ብትሆን ቁልፉን ምስማር ላይ ትተህ ‹ረስታ ነው› አታስብልም ነበር፤ ይሄ መኪና ቁልፍ እንደማይለቅ ታውቃለህ። ይህንን ያደረገው ሰው ካምቢዮውን ማላቀቅ ዛሬ ተምሯል፤ ሐሳቡ ግን የማኑዋል ሾፌር ሐሳብ ነው። ዜሮ ላይ የተረሳ መኪና ማንንም አያስገርምም ብሎ ገመተ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ካምቢዮው የት እንደነበረ ለማንም አልነገርንም። ውስጡም ከውጭ አይታይም። አንተ ግን ‹ዜሮ ላይ ትታው› አልከኝ።»

ወንድምየው ከመቀመጫው ተነሣ፤ የሚሄድበት ግን አልነበረውም። «መኪናው ከተንሸራተተ ዜሮ ላይ ነው ብዬ ነዋ! ሾፌር ነኝ እኮ! አባቴን ልገድል ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም። እሳቸው በሩ ጋ እንደነበሩ አታውቅም ነበር። እማማ፣ የነገሩኝን ይንገሩት።»

እናትየው ልጃቸውን ማየት አልቻሉም። ለወለሉ ነበር የሚነግሩት።

«‹ድንጋይ ላስደግፍላት› ብሎ ነው የወጣው። ‹ቁልቁለት ነው፤ ልጅቷ ገና ለማጅ ናት› ብሎ። ፍሬን አያምንም ነበር እኮ፣ ዕድሜ ልኩን… አልተናገርኩም። ‹አባቷም አላመናት› ብለው እንዳይፈርዱባት ፈርቼ።»

«ጎማው ሥር ድንጋይ ሊያደርጉ ጎንበስ ብለው ነበር» አለች መርማሪዋ። «ከኋላ መስታወቱ በታች ናቸው። በሾፌሩ በር እጁን ያስገባ ሰው አያያቸውም።»

ወንድምየው እንደ ቆመ አፉን ከፈተ።

«በሩን ብቻ እንዲገጭ ነበር» አለ። «ኋላው እንዲጨረመት። አባዬ አይቶ ‹አልሆነም፣ ግራጫው ይገዛ› እንዲል። ግራጫው ከተገዛ ለእሷ አይሆንም፤ እኔ እይዘዋለሁ፣ ሠርቼበት ሰው እሆናለሁ አልኩ። የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከዚያ… በሩ የጮኸ መስሎኝ ነበር። በሩ አልነበረም።» ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ሳየው ልናገር ነበር። ፈራሁ። ሰዉ ‹እሷ ናት› ሲል ደግሞ ዝም አልኩ።»

እህቱ ተነሥታ እያነከሰች አጠገቡ ሄደች። የምትመታው መስሎት ባልየው ተከተላት። እሷ ግን ከፊቱ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ግራጫውን ለሥራ እንደምትፈልገው ብትነግረኝ እኮ እተውልህ ነበር» አለች። «በእግሬ እሄድ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው እሱም ጮኾ ያለቀሰው።

ወጣቱ ፖሊስ ካቴና ሲያወጣ መርማሪዋ በዐይኗ ከለከለችው። ወንድምየው ራሱ ተነሥቶ ወጣ። እናትየው ከኋላው እየሮጡ ኮት አመጡ፤ እጅጌውን አስገቡለት፣ የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉለት። የፖሊስ መኪናው ጋ ሲደርሱ ክንዱን ያዙና አልለቀቁም። ቅድም በሴት ልጃቸው ላይ የፈሩት ሁሉ አሁን ወደዚህኛው ልጃቸው ዞሯል፤ የሟቹ ሐዘን እንኳ ገና ተራው አልደረሰውም።

«እዚያ ይመቱታል?» አሉ መርማሪዋን።

«እኔ አጠገቡ እሆናለሁ።»

«ነገ ዕረፍት ስትወጪስ?»

መርማሪዋ የኋላውን በር ከፈተችና ቆመች። እናትየው የልጃቸውን ክንድ እንደ ያዙ ቀድመው ገቡ፤ ወደ ጥግ ተጠግተው ቦታ ለቀቁለት። ውረዱ የሚላቸው ሰው አልነበረም።