በጣሪያው ላይ ያላረፈው ድሪል

የአናጺዎቹ አለቃ ኡስጣ ጌታሁን የሞተው፣ በር ሊገጥምበት በነበረው የላይኛው ፎቅ ክፍል ውስጥ ነው። በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከማጅራቱ በላይ በመዶሻ ተመቷል። መዶሻው ከእግሩ አጠገብ ወድቋል፤ የእንጨት እጀታው ላይ «ቃለአብ» የሚል ስም በጋለ ምስማር ተጽፎበታል። ለፖሊስ መኮንኑ ለመላዚም ኢሳ ይህ ከበቂ በላይ ነበር።

ቤቱ ኻርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ ነው። ጦርነቱ ሲያልፍ ዘራፊዎች በሮቹን ከነመቃናቸው፣ የመብራቱን ሽቦ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ ነቅለው ወስደዋል። ባለቤቱ ካይሮ ተቀምጦ ያሠራዋል። መብራት ስለሌለ ኢትዮጵያውያኑ አናጺዎች የሚሠሩት በባትሪ መሣሪያ ብቻ ነው።

መላዚሙ ወይዘሮ ጸሐይወርቅን ያስጠራት ለማስተርጎም ነበር። ጸሐይወርቅ ኻርቱም ውስጥ ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም ስትመረምር ኖራ፣ ሆስፒታሉ ሲዘጋ ለፖሊስ አስተርጓሚ ሆነች። ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ አንገቷ አልተቃናም፤ ምላሷም አልለዘበም።

«ያ ኻልታ፣ ነገሩ ኻላስ፣ አልቋል» አላት መላዚሙ በዐረብኛ። «መዶሻው የቃለአብ ነው። ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል፤ የሟቹ ሚስት ህሊና ራሷ በስልክ ነግራኛለች። ገዳዩ እሱ ነው ትላለች። የእምነት ቃሉን ተርጉሚልኝና በስምንት ሰዓት መኪናው ወደ እስር ቤት ይውሰደው።»

«የእምነት ቃል ሰጥቷል?»

«ይሰጣል።»

«እንግዲያው ገና ያልተነገረ ነገር እንድተረጉም ነው የጠራኸኝ። ውጤቱን ከምርመራው በፊት የሚጽፍ ባልደረባ ነበረን፤ በወሩ አባረርነው።»

ቃለአብ ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ጥላ ሥር እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ የውጭ አገር ሰው እዚያ እስር ቤት ከገባ መቼ እንደሚወጣ የሚነግር የለም። ያንን እሱም ያውቃል።

ጸሐይወርቅ መጀመሪያ ሬሳውን አየች። ከዚያ የሟቹን የመሣሪያ ቦርሳ ፈተሸች። ከታች፣ በፎጣ የተጠቀለለ አንድ የድሪል ባትሪ አገኘች፤ ሽፋኑ ተፈቷል። በውስጡ የዐሥር ባትሪ ድንጋይ ቦታ አለ፤ ያሉት አምስት ናቸው። የቀረውን ቦታ የሞላው በላስቲክ የታሰረ አሸዋ ነው።

«አሸዋ» አለች ለራሷ። «ሱዳን ውስጥ አሸዋ የሚሸጥ ሰው ሰነፍ አይባልም።»

ወደ ግቢው ወረደች። ዘምዘም፣ ቤቱን የምትጠብቀውና ለሠራተኞቹ የምታበስለው የወሎ ሴት፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ከዚሩ፣ ከውሃው ጋን፣ አጠገብ ተቀምጣለች። ከሸክላው ጋን ሥር ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ላይ እርጥብ ጆንያ ተነጥፏል፤ በላዩ አራት ባትሪዎች ተደርድረዋል።

«መጨረሻ በሕይወት ያየሽው መቼ ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ ሻይ ወሰድኩለት። ‹ስኳሩ በረከተ፣ ልታገቢኝ ነው?› ብሎ ቀለደብኝ። ደህና ነበር፣ ወላሂ።»

«አራት ሰዓት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ባለቤቱ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ከካይሮ ይደውላሉ። ስንት በር ገባ ብለው ይጮኹብኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ ድሪል! ሶላር ሻጩ ሚልዮን ጣሪያ ላይ ለሶላሩ ብረት ቀዳዳ ሲበሳ እስከ አራት ተኩል ዝም አላለም። ምስር ስለቅም ራሴን አዞረኝ። ሲያቆም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ብርጭቆውን ላመጣ ብወጣ… እንዲያ ሆኖ አገኘሁት።»

«ድምፁ አንዴም አላረፈም?»

«አንዴም።»

«ይወፍር፣ ይቀጥን ነበር?»

«ኧረ አንድ ዓይነት ነው እትዬ። እንደ ንብ።»

ጸሐይወርቅ ባትሪዎቹን በጣቷ ነካች፤ ቀዝቅዘዋል። «እነዚህስ ምን ይሠራሉ እዚህ?»

«የኡስጣ ናቸው። ፀሐይ የመታው ባትሪ ይለግማል። ለዚህ ነው ከዚሩ ሥር የምናውላቸው። አንዱ ሲያልቅ መጥተው ሌላውን ይወስዳሉ፤ ቀኑን ሙሉ እኔን እየረገጡ ነው የሚመላለሱት።»

«ዛሬ ከአራት እስከ አራት ተኩል ማን መጥቶ ለወጠ?»

«ማንም። ቃለአብ ብቻ በር ሲልግ ቆይቶ ውሃ ጠጣ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቤት ገብቶ ሜትር ይዞ ወጣ።»

ጸሐይወርቅ ወደ ቃለአብ ሄደች።

«መዶሻህ ምን አድርጎ ላይ ቤት ወጣ?»

«ጠዋት ለኡስጣ አውሼው። የእሱ እጀታ ተሰብሮ።»

«ለመላዚሙ ነግረኸዋል?»

«በየት ዐረብኛዬ እትዬ? ‹መዶሻው ያንተ ነው?› አለኝ፤ ‹አይዋ› አልኩት።»

«ግሩም። በአንዲት ቃል ራስህን ሰቀልክ። ትናንት የተጣላችሁትስ?»

ቃለአብ አንገቱን ደፋ። «ስለ ባትሪው። ማዮ ሰፈር ውስጥ አንድ አናጺ ከሚልዮን የገዛው ባትሪ ሲሞላ ተቃጥሎ ፊቱን በላው። ኡስጣ የራሱን ፈቶ አየ፤ አሸዋ። ‹እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአናጺው ሁሉ ፊት ከፍቼ አሳያለሁ› አለ። እኔ ደግሞ ‹የአገራችን ሰው ነው፣ መጀመሪያ ለብቻው ይነገረው፣ ሽማግሌ ይላክ› አልኩ። ጮኸብኝ፤ ጮኽኩበት። ሚስቱ ይህን ሰምታ ነው።»

«ከዚያ ዝም አልክ?»

«ከሥራ ስወጣ ለሚልዮን ነገርኩት። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ።»

«ሚልዮን ትናንት እዚህ ነበር?»

«ከሰዓት በኋላ። አራቱንም ባትሪ ወስዶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሁሉንም ሞተው መለሰልን፤ በረክሻ ጭነን ልናስሞላ ሄድን።»

ደረጃው ሥር የቆመው ሚልዮን በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ገበያ ውስጥ የባትሪ መሣሪያና ሶላር ይሸጣል። ሸሚዙ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ነጭ ነው፤ እጁ አንድ ጭረት የለበትም። በመሣሪያ የሚነግድና መሣሪያ ይዞ የማያውቅ ሰው እጅ ነው።

«እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ወንድሜ ነበር…»

«ወንድምነቱን ለልቅሶው አቆየው። ከአራት ሰዓት ጀምሮ የት ነበርክ?»

«ጣሪያ ላይ፣ ለሶላሩ ብረት ቀዳዳ ስበሳ። ዘምዘም ሰምታኛለች።»

«ስንት ቀዳዳ?»

«ስምንት። ኮንክሪት ነው ደግሞ።»

«ስንት ባትሪ ጨረስክ?»

ማንኛውም አናጺ «አራት» ወይም «አምስት» ብሎ ያልፈው ነበር። ሚልዮን ግን ነጋዴ ነው፤ ዕቃው ሲናቅ አይወድም።

«አንድ! የኔ ባትሪ እንደ ሌላው ተራ መሰለዎት? ያንብቡት፤ መቶ ሰማንያ ስምንት ቮልት! ቀኑን ሙሉ ይሠራል።»

«መቶ ሰማንያ ስምንት» አለች ጸሐይወርቅ ከቦርሳው ያወጣውን ባትሪ መለያ እያየች። «ጀብራ መብራት ካጣች ስንት ጊዜዋ ነው፤ ለካ አንተ ኃይሉን በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ። መላዚሙ እንዲጽፈው ድገምልኝ።»

«አንድ ባትሪ፣ ሳይለወጥ፣ ስምንት ቀዳዳ። ይጻፍ!»

ተጻፈ።

ብቻዋን ጣሪያ ላይ ወጣች። ስምንቱ ቀዳዳዎች በእርግጥ አሉ፤ በየዙሪያቸው ነጭ የሲሚንቶ ዱቄት ተከምሯል። ተንበርክካ አንዱን በጣቷ ጫረችው። ነጩ ዱቄት በስስ ቡናማ አቧራ ተሸፍኗል፤ ሌሊት ሃቡብ፣ የአቧራ ማዕበል፣ ነፍሶ ነበር። ስምንቱም እንደዚያው ናቸው። ከዚያ ድሪሉን አነሳች። መላ አካሉ አቧራ ለብሷል፤ እጀታው ላይ ግን፣ ቃታው ባለበት ዙሪያ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ቀለበት አለ። ስትነካው ተጣበቀባት።

ሁሉም ወደ ጣሪያው እንዲወጡ አደረገች። ፀሐዩ ኮንክሪቱን አግሎታል። መላዚሙ ሰዓቱን ያያል።

«ያላ ያ ኻልታ፣ መኪናው ደርሷል።»

«ይጠብቅ። የቃለአብን እጅ ፍታው፤ ሥራ አለኝ ለሱ። ሚልዮን፣ የሞሉ ባትሪዎች ይዘሃል?»

ሚልዮን ከቦርሳው ሁለት አዲስ ባትሪዎች አወጣ። የአንዱን መፈተሻ ተጫነ፤ ሦስት አረንጓዴ መብራት በራ። «ሙሉ!» አለ በኩራት። ሁለተኛውንም አሳየ።

«ቃለአብ፣ ከስምንቱ አጠገብ ብሳ። እንደ ሥራህ።»

ድሪሉ ጮኸ፤ መብሻው ፑንታ ኮንክሪቱን ሲነክስ ድምፁ ወፍሮ አጓራ፤ ቃለአብ ዱቄቱን ሊያወጣ ቃታውን ለቀቀ፤ እንደገና ነካ። አንዱ ቀዳዳ አለቀ። ሁለተኛው መሐል ላይ ድሪሉ አቃሰተና ቆመ። መላዚሙ ሰዓቱን አየ፤ አምስት ደቂቃ አልሞላም።

«ቀኑ አለቀ ማለት ነው» አለች ጸሐይወርቅ። «አጭር ቀን ነው የምትሸጠው።»

«ሙቀቱ ነው! ኮንክሪቱ ብረት አለበት!»

«ያው ጣሪያ ነው። ጠዋትም ብረት ነበረበት።»

ሁለተኛውን ባትሪ አስገባች። ከቃለአብ ኪስ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ተቀብላ ቃታውን ከእጀታው ጋር አሰረችው፤ ድሪሉንም ፑንታው አየር ላይ እንዲሽከረከር አድርጋ አጋደመችው። ቀጭን፣ ወጥ ድምፅ ጣሪያውን ሞላው።

«እሱ ነው!» ዘምዘም ዘላ ተነሳች። «የሰማሁት ይሄ ነው! ቅድም ቃለአብ ሲበሳ እንዲህ አልነበረም።»

ጸሐይወርቅ ዐረብኛውንና አማርኛውን እያፈራረቀች ተናገረች።

«ኮንክሪት የሚበሳ ድሪል ያጓራል፣ ያርፋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሲሄድ ዝም ይላል። ዘምዘም ግማሽ ሰዓት የሰማችው ግን ምንም የማይበሳ ድሪል ነው። ሸክም የሌለበት ድሪል በዚህ ቆሻሻ ባትሪ እንኳ ረጅም ጊዜ ይዞራል። እየሰማችሁት ነው። ሥራ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ ተኩል ነው አቅሙ። ሚልዮን ትናንት ስምንቱን ቀዳዳ ሲበሳ የጌታሁንን አራት ባትሪ ገድሏል። ዛሬ ግን ባትሪ ሊለውጥ ከዚሩ አልመጣም፤ ዘምዘም እዚያው ነበረች። ቦርሳው ውስጥ ሌላ ነበረኝ እንዳይል፣ ‹አንድ፣ ሳይለወጥ› ብሎ አስጽፏል።»

«ቀዳዳዎቹስ?» አለ መላዚሙ።

«ጎንበስ በልና ጫራቸው። የቃለአብ ዱቄት ነጭ ነው። የነዚያ ከላይ ቡናማ ነው። ሃቡቡ ሌሊት ሲነፍስ እነሱ ተበስተው አልቀዋል። እንግዲህ ሚልዮን ዛሬ ጠዋት የበሳው ነገር የለም። ቃታውን አስሮ ድሪሉን ዘምዘም እንድትሰማው ትቶ፣ በውስጥ ደረጃው ወደ ላይኛው ክፍል ወረደ። ግቢውን መርገጥ አላስፈለገውም። መዶሻው እዚያው ነበር፤ ቃለአብ አውሶት። የናስትሮው ማጣበቂያ እጀታው ላይ አለ፤ ጣትህን አስነካው፣ ይይዝሃል። ምክንያቱን ደግሞ ሟቹ በፎጣ ጠቅልሎ አስቀምጦልናል፤ አምስት ድንጋይና አንድ ከረጢት አሸዋ። እሑድ ሊታይ ነበር። ቃለአብ ሰው እንዳይዋረድ ብሎ ለሚልዮን አስቀድሞ ነገረው። ይቅርታ የሚጠየቅበት አንድ ሙሉ ማታ ተሰጠው፤ እሱ ግን ድሪል እንዴት እንደሚታሰር ሲያስብበት አደረ።»

ድሪሉ አሁንም ይዞራል። ሚልዮን ወደ ደረጃው አየ፤ አንድ ወታደር ቆሞበታል።

«በሰው ሁሉ ፊት!» አለ ድንገት። «በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ልጆቼ ባሉበት! ለምንኩት። ‹ዝም በል፣ አዲስ እሰጥሃለሁ› አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ መቃን መለካት ጀመረ። እንደ ውሻ ናቀኝ!»

«አስተዋይ ሰው ነበር» አለች ጸሐይወርቅ። ንግግሩን ለመላዚሙ ቃል በቃል ተረጎመችው።

መላዚሙ ናስትሮውን ቦጭቆ ድሪሉን ዝም አሰኘ። ካቴናው ወደ ሚልዮን እጅ ዞረ። ሚልዮን ደረጃው አፍ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ቃለአብ የበሳበት ባትሪ በደንብ አልሞላም ነበር።»

ጸሐይወርቅ ይህንንም ተረጎመች፤ ሥራዋ ነው። መላዚሙ ብዕሩን ይዞ አመነታ።

«ይሄም ይጻፍ?»

«ይጻፍ እንጂ። ሦስቱን አረንጓዴ መብራት ራሱ እንዳሳየንም ከሥሩ ጻፍበት።»

መኪናው ሚልዮንን ይዞ ሄደ። ቃለአብ የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ ማንም ያልያዘው መሆኑን ገና አላመነም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«የኡስጣ ሚስት ህሊና ገዳዩ እኔ እንደሆንኩ ነው የምታውቀው። ሬሳውን ሳትቀበል፣ ከሌላ ሰው ሳትሰማ፣ እኔ ራሴ ሄጄ ልነግራት ይገባኛል። ትናንት አፌን ብዘጋ ኖሮ ባሏ አይሞትም ነበር። ያንንም ልነግራት ነው።»

ጸሐይወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱ ላይ ወጣችና ለሚያልፍ ረክሻ እጇን ዘረጋች።

«ግባ» አለችው። «አብሬህ እሄዳለሁ። በአማርኛም ቢሆን አንተ ስታስረዳ የሰማህ ሰው መልሶ ያሳስርሃል።»