ጀልባው ቀርቷል የሚለው ወሬ

ሔራን ያለ ፍርሃት እጇን አወጣች። መልሱን ታውቀዋለች።

መምህር አዘዘ ሰሌዳው ላይ ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ሐረጎች ጽፈው ጠመኔውን በጣቶቻቸው መካከል እያሽከረከሩ ይጠብቃሉ። ሁለቱም ሐረጎች በ«ዜና» ይጀምራሉ። ከዜናው ቀጥሎ «ዛት» (that) የምትባለዋ ቃል፣ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ የክፍላቸው ልጅ የቢያዝን ስም አለ። አንዱ ስለ ቢያዝን ማሸነፍ ነው፤ ሌላው ቢያዝን ይዞት ስለመጣው ዜና።

«እነዚህ ሁለት ዛቶች አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» አሉ መምህር አዘዘ።

ከኋላ ወንበር ቢያዝን ራሱ ድምፁን አሰማ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ምን እንዳሸነፍኩ ይነገረኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሔራን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ተነሣች።

«ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው ይለያያሉ» አለች። «የመጀመሪያው ‹ቢያዝን አሸነፈ የሚለው ዜና› ነው። ‹የሚለው› ካልገባ አይሆንም። ሁለተኛው ‹ቢያዝን ያመጣው ዜና› ነው፤ እዚያ ላይ ‹የሚለው› ቦታ የለውም። ደግሞ ‹ቢያዝን አሸነፈ› ብቻውን ይቆማል። ‹ቢያዝን አመጣ› ካልን ግን ምን አመጣ ያሰኛል። አንድ ነገር ጎድሎታል።»

መምህር አዘዘ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ተማሪ ሁሉ በዚህ ትምህርት እንደሚደናገር፣ እሳቸውም በየዓመቱ ሲለፉበት እንደኖሩ ተናገሩ። ከዚያም «ከየት አመጣሽው?» ብለው ጠየቋት።

«እንዲሁ ሳጠና ነው» አለች ሔራን።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሰብለ ወንጌል አንገቷን ደፍታ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። መምህሩ አጨብጭቡላት ሲሉ ግን ሰብለም አጨበጨበች።

መምህር አዘዘ ለቀጣዩ ዓርብ ውድድር የሚልኩትን ተማሪ ያገኙት በዚያው ሰዓት ነው። የከተማው ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ተማሪ ይልካሉ፤ ተማሪው አንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጉዳይ መርጦ መድረክ ላይ ያስረዳል። «የሔራንን ዘዴ ይዘን እንሄዳለን» አሉ። ስሙ እንደዚያ ወጣለት፤ የሔራን ዘዴ።

ዘዴው የተገኘው ግን ቅዳሜ ዕለት፣ ሐይቁ ዳር ነበር። ሔራንና ሰብለ ከጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ደብተራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሔራን ስለ ዛት ሦስተኛ ጊዜ አንብባ ሦስተኛ ጊዜ ጠፍቷት ነበር። አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት ከመንገዱ ወርደው አጠገባቸው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ የዘጌው ጀልባ ቀርቷል የሚለው ወሬ እውነት ነው እንዴ?»

ሰብለ ተነሥታ፣ ጀልባው እንዳልቀረ፣ ነዳጅ እየሞላ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ መርቀዋት ሄዱ። ሰብለ ግን አልተቀመጠችም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የሴትዮዋን ጥያቄ ደገመችው።

«‹የሚለው›ን አውጥተሽ በይው እስቲ» አለቻት ለሔራን።

«ጀልባው ቀርቷል ወሬ።»

«አየሽ? አይሆንም። አሁን ደግሞ ‹ሴትዮዋ ያመጡት ወሬ› በይ። እዚህ ‹የሚለው› የት ይገባል?»

ሔራን ብትሞክር ብትሞክር አልገባላትም። ሰብለ እንዲህ ናት። አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ለቅኔ ተማሪዎቻቸው አገባብ ሲያስተምሩ እየሰማች ስላደገች፣ ዓረፍተ ነገር ፈትቶ መግጠም ለእሷ እንደ ገበጣ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም አንድ ልብስ እንዳለበሳቸው፣ አማርኛው ግን እንደለያቸው ስታስረዳ እጆቿ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ክፍል ውስጥ ስትገባ እነዚያ እጆች የት እንደሚሄዱ ሔራን አታውቅም።

ከትምህርት በኋላ ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ ሹም አቦ አብረው ሄዱ። ሔራን ቁጣ ጠበቀች። ሰብለ ግን ስለ ሒሳብ የቤት ሥራ አወራች፣ መንገድ ላይ ያገኙት ባጃጅ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ አንብባ ሳቀች። የሰፈራቸው መታጠፊያ ሲደርሱ ነው የቆመችው።

«ጥሩ አድርገሽ አስረዳሽው። እኔ ብሆን ድምፄ ይጠፋብኝ ነበር» አለች። ከዚያ ጨመረች። «ግን ‹እንዲሁ ሳጠና› ስትይ አጠገብሽ ነበርሁ።»

ይህን ብላ ደህና ሁኚ አለቻትና ሄደች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻል ነበር።

ሔራን ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። አባቷ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው፤ የመምህር አዘዘ ጎረቤት የሆነ ባልደረባው ነግሮታል። ድሬዳዋ ላለው ወንድሙ ደውሎ፣ ልጄ ባሕር ዳርን ወክላ ልትወዳደር ነው እያለ ትምህርት ቤቱን ከተማ አደረገው። ስልኩን ለሔራን ሰጣት። አጎቷ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት አመሰገነችው።

ያን ጊዜ ነው የገረማት። አጎቷን አመሰገነችው፤ ሰብለን ግን አንድም ቀን አመስግናት አታውቅም። አምና እሷና ቤተሰቧ ከድሬዳዋ የመጡት በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ነበር። አነጋገሯን ሰምተው፣ እንደ ድሬ ልጆች «አባ» እያሉ የቀለዱባት ሞልተዋል፤ ከሰው ሁሉ ሰብለ ብቻ ናት ስለ ድሬ ልትሰማ የጠየቀቻት። ያመለጧትን ምዕራፎች ሁሉ ከእሷ ጋር ነው የሸፈነችው። ይህ ሁሉ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ስለመጣ፣ ከሰው እጅ እንደሚቀዳ ረስታው ነበር።

ሰብለ መድረክ አትወድም፤ እኔ ብሄድ ምን ይጎዳታል? ይህን ሐሳብ ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። እውነትም ይመስል ነበር። ግን አንድ ቦታ ላይ ይጎድለዋል። ‹ቢያዝን አመጣ› ሲባል ምን አመጣ እንደሚያሰኝ፣ ‹የሔራን ዘዴ› ሲባልም ማን አገኘው ያሰኛል።

ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ መምህር አዘዘ ሔራን በክፍሉ ፊት እንድትለማመድ አደረጉ። እሳቸው ከኋላ፣ ከእነ ቢያዝን ጋር ተቀመጡ።

«ዳኞች ነን» አለ ቢያዝን እግሩን አነባብሮ። «ጀምሪ።»

«አንተ ዳኛ ከሆንክ ሁላችንም ወደቅን» አለችው ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

መምህር አዘዘ አዲስ ምሳሌ ከራሷ እንድትሰጥ ጠየቋት። ሔራን ወደ ሰሌዳው ዞረች። የተዘጋጀችበት ምሳሌ ስለ ዝናብ ነበር። ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ አሳረፈችና ሌላ ነገር ጻፈች። በእንግሊዝኛ መጀመሪያ «ዘዴ» የሚለውን ቃል፣ ቀጥሎ ዛትን፣ ቀጥሎ የጓደኛዋን ስም። ሙሉ ሐረጉ «ሰብለ ወንጌል ያሳየችኝ ዘዴ» ይላል።

ሰብለ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየችው።

«ይኸኛው ዛት የትኛው ነው?» አሉ መምህር አዘዘ ቀስ ብለው።

«‹የሚለው› የማይገባበት» አለች ሔራን። «እንዲሁ ሳጠና አላገኘሁትም፣ ቲቸር። ያገኘችው ሰብለ ናት። እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

መምህር አዘዘ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ይሄ ገና ሐረግ ነው። ዓረፍተ ነገር እንዲሆን ግስ ይፈልጋል» አሉ።

«እሷ ትጨርሰው» አለች ሔራን።

ወደ ወንበራቸው ሄዳ ጠመኔውን ዘረጋችላት። ሰብለ ራሷን ነቀነቀች። ሔራን እጇን አልመለሰችም። አባቷን፣ ድሬዳዋ ያለውን አጎቷን፣ ነገ የሚጠብቃትን መድረክ አሰበች።

«ነገ ማን እንደሚሄድ እናንተው ትነግሩኛላችሁ» አሉ መምህር አዘዘ። «አሁን ግን ነይ፣ ሰብለ ወንጌል። ከአንቺ ልስማው።»

ሰብለ ጠመኔውን ተቀብላ ተነሣች። ሰሌዳው ጋ ደርሳ ከሐረጉ ቀጥሎ ምንም ሳትጽፍ ቆመች። ከዚያ ፊቷን ወደ ክፍሉ መልሳ ጀመረች፤ ስለ ጀልባው፣ ዘንቢል ስለያዙት እናት። ድምፅዋ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም።

«አይሰማም» አለ ቢያዝን።

ሔራን ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። ከዚያ የሚቀጥለውንም። ብትናገረው በአንድ ትንፋሽ፣ ጥርት አድርጋ ትጨርሰዋለች፤ ሰብለም በዓይኗ እየጠራቻት ነው። ሔራን ወንበሯ ላይ ሆና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ ተደገፈች፤ አንድም ቃል አላወጣችም። ዓይኗን ግን ከጓደኛዋ ላይ አላነሣችም።

ሰብለ ጉሮሮዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች። በሦስተኛው ቃል ላይ እጆቿ ተነሡ።