የቋጠርኩት ክር

ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ እማዋይሽ አረፈች። ሰዓት አልነበረንም። ነገር ግን የጥር ፀሐይ በበራችን ገብታ የመደቡን ጫፍ የምትነካው ልክ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ወንድሜ ፈንታሁን ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ሲመጣ ከጓደኛው በተዋሰው የእጅ ሰዓት ለክቶ ነግሮኝ ነበር። በዚያ ቀን ብርሃኑ መጥቶ እግሯን ሲነካው፣ እግሯ ቀድሞ ቀዝቅዞ ነበር። እንዝርቷ ከራስጌዋ ነበረች፤ ፈትሉ እንደተጠቀለለ፣ ግማሽ ሥራ እንደያዘች...

ቤታችን ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነበረች። አባቴ ይርዳው ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ ንግግሩ አጭር፣ ቁጣው ፈጣን፣ ፍቅሩን ግን አውጥቶ መናገር የማይሆንለት ሰው ነበር። እናቴ ሦስት ልጆች በተከታታይ ቀብራ አራተኛውን ስትወልድ የሞቱትን ይካስልኝ ብላ ፈንታሁን አለችው። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔን አስካለን ወለደች። ፈንታሁን ከአብነት ትምህርት ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ጎንደር ጤና ኮሌጅ ገባ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት እሱ እየጨረሰ ከሚጥላቸው ደብተሮች ነው፤ ክረምት ሲመጣ ስህተቴን ያርምልኝ፣ ይስቅብኝም ነበር። በመንደራችን ደብዳቤ የምታነብ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምነው ባላወቅሁ! ምነው ያ ፊደል ዐይኔን ባልከፈተው!

በ፲፱፻፶፮ ክረምት ፈንታሁን ለእረፍት ሲመጣ እናቴ ታስል ነበር። ጆሮውን ከጀርባዋ ላይ አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣና አጥሩን ተደግፎ ቆመ። የሳንባ በሽታ ነበር። መድኃኒቱ ኪኒን ነው፤ የሚዋጠው ግን ለዐሥራ ስምንት ወር፣ አንድም ቀን ሳይጎድል ነው አለን።

«ዐሥራ ስምንት ወር ሙሉ ማን ይቆጥረዋል ልጄ?» አለችው እናቴ።

«አንቺው ትቆጥሪዋለሽ። ፈትልሽን ያዢ። አንዷን ኪኒን ስትውጪ አንድ ቋጠሮ ቋጥሪ። ወር ሲሞላ ሠላሳ ቋጠሮ ያለውን ክር በጥሰሽ ላኪልኝ። ያን ጊዜ ቀጣዩን እልካለሁ። ቋጠሮ ከጎደለ ግን ከትምህርቴ ተነሥቼ መጥቼ እደበድብሻለሁ!»

«ወይ የኔ ደብዳቢ!» ብላ ጎኗን እስኪያማት ድረስ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠባት።

ከጥቅምት ጀምሮ ኪኒኑ በቡናማ ጠርሙስ እየሆነ ይመጣ ጀመር። የሚያመላልሰው ገብሬ የሚባል ጎረቤታችን ነበር፤ በየወሩ ማርና ቅቤ በበቅሎ ጭኖ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደር የሚወርድ ነጋዴ። እናቴ ሦስት ክር ላከች። አራተኛውን ጀምራ ዐሥራ ሰባት ቋጠሮ ላይ ሳለች ሞት ቀደማት። መድኃኒቱ ሲደርስላት በሽታው ሥር ሰዶ ነበር።

ከቀብር መልስ፣ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ አባቴ የነፍስ አባታችንን አባ ተክለ ማርያምን ወደ ጓሮ ጠራቸው። እኔንም ጠራኝ።

«አባ፣ ለልጁ መርዶ መላክ የለበትም» አለ። «ሰኔ ላይ የመጨረሻው ፈተናው ነው። ቢሰማ ጥሎ ይመጣል። ራሱን ተላጭቶ አርባ ቀን ይቀመጣል። ከትምህርቱ ይባረራል። እሷም ብትሆን ይህን አትወድም።»

አባ ተክለ ማርያም መስቀላቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። በአገራችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ጊዜ ይመረጥለታል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። ሰውን ቀስ ብሎ ማርዳት ደግነት ነው። የልጅን ኀዘን ለአምስት ወር ማቆየትም ያን ጊዜ ደግነት መሰላቸው።

«ለኀዘን ይደርሳል» አሉ በመጨረሻ። «ፈተናውን ይጨርስና እኔ ራሴ ጎንደር ድረስ ሄጄ አረዳዋለሁ።»

«ክሩንስ?» አልኩ እኔ። «ክር ካልሄደለት ይመጣል።»

አባቴ ፊቱን አዞረ። «አንቺ ቋጥሪዋ» አለኝ።

ከእናቴ እንዝርት ላይ ፈትሉን ተርትሬ፣ የሷን ዐሥራ ሰባት ቋጠሮ በራሴ ዐሥራ ሦስት ቋጠሮ ሞላሁት። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና በሞተችው እናቴ ስም «ውድ ልጄ ፈንታሁን፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን የጻፈች እጅ ምን ይደረጋታል? ገብሬ ለለቅሶ የለበሰውን ጥቁር አውልቆ፣ ነጭ ጋቢ ደርቦ ሄደ። ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ጠርሙሱን እናቴ ታስቀምጥ ከነበረበት የግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ሳልከፍተው አኖርኩት።

መጋቢት ላይ ገብሬ ሁለተኛውን ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ነገረኛ ሳቁን ይስቅ ነበር።

«አያ ይርዳው፣ እንኳን ደስ አለህ! ልጅህ አጣቢ ሆኗል።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«በዐይኔ በብረቱ! ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የመንገደኛ ማደሪያ ቤት አንሶላ ሲጨምቅ። ከሴቶቹ መሐል። ሴቶቹ 'እትዬ ፈንታነሽ' ይሉታል።»

አባቴ ሞፈር ይጠርብ ነበር፤ መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። «የኔ ልጅ? አንሶላ?... መንግሥት አይደለም ወይ የሚያበላው የሚያስተኛው? ምን አጥቶ?»

ገብሬ ሳቁ ጠፋ። ወርዶ የበቅሎውን ልጓም ሲፈታ ቆየ። «እኔም እንዲሁ አልኩት። 'ኪኒኑ ከሰማይ የሚወርድ መሰለህ ወይ አያ ገብሬ?' አለኝ። ጠዋት ከክፍል በፊት ያጥባል። ከሰዓት ከክፍል መልስ ያጥባል። መጽሐፉን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ፣ ገጹ እንዳይዘጋ ጠጠር ጭኖበት፣ አንሶላውን እየጨመቀ ያነባል። ከስቷል አያ ይርዳው። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር... ልነግረው ነበር። ግን እኔ ብቻዬን እንዴት አድርጌ ላርዳው?»

አባቴ እግር ላይ ወደቅሁ። «አባዬ፣ እንንገረው! መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው የለም እኮ! ለማን ነው የሚያጥበው?» ስል ሳሉ ያዘኝ። ከጥር ወዲህ እኔም አስል ነበር፤ ከለቅሶ ብዛት ነው እያሉ ያለፉልኝ ሳል።

አባቴ መጥረቢያውን ከመሬት አነሣ። ልቡ እንደተከፈለ አየሁ። አምስት ወር ሊደብቅ የቆረጠውን ነገር ግማሽ መንገድ ላይ ማፍረስ አቃተው። ልጁ ሐኪም ሆኖ ነጭ ካፖርት ለብሶ ሲመጣ፣ እሷ ባታየውም እሱ ሊያይላት ቃል ገብቶላት ነበርና። በመጨረሻ «ድኛለሁ፣ ከእንግዲህ አትላክ፣ ሥራውንም ተው ብለሽ በእሷ ስም ጻፊ» አለኝ።

እኔም ብልሃት መሰለኝ! ደስ ብሎኝ ጻፍኩት።

መልሱ በሚያዝያ መጣ። ዛሬም ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «እናቴ ሆይ፣ ድኛለሁ ማለትሽን ሰማሁ። ሕመምተኛ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳሉ ሲቀልለው የዳነ ይመስለዋል፤ ኪኒኑን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በሽታ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ አንድ ቀን እንዳታጎድዪ። ስለ ሥራዬ አትጨነቂ፤ የአንሶላ ውኃ ማንንም አልገደለም። አንድ ጠርሙስ ጨምሬ ልኬልሻለሁ። አስካለን ቋጠሮውን አደራ በያት።»

አየህ አንባቢ፣ ውሸታችን ሥራውን ሊያስተወው ሄዶ ሥራውን ጨመረበት። ድናለች ስንለው ፈራ፤ በፈራ መጠን አጠበ። እውነቱን ልጽፍለት ሦስት ጊዜ ወረቀት አወጣሁ። «ወንድሜ፣ እናታችን ከጥር ጀምሮ...» እላለሁ፤ ከዚህ በላይ መሄድ ያቅተኛል። ሦስቱንም እሳት ውስጥ ጣልኳቸው። በምትኩ ሠላሳ ቋጠሮ ቋጥሬ ሰጠሁ። የግንቦቱን ስቋጥር ከእንዝርቷ ላይ የቀረው ፈትል አለቀ። «አንድ ወር ናት» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አንድ ወር ናት፤ ከዚያ አባ ይነግሩታል፤ ከዚያ አብረን እናለቅሳለን።

ሰኔ ፲፰ ቀን፣ ዓርብ፣ ገና ጎህ ሲቀድ አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ሊወጣ ነበር፤ እኔ የዘር ቁናውን ይዤ ተከትዬዋለሁ። የማናውቀው ወጣት በበራችን ፊት ቆሟል። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ በብብቱ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይዟል።

«ጌታቸው እባላለሁ፣ የፈንታሁን ጓደኛ ነኝ» አለ በሹክሹክታ።

አባቴ ፊቱ በራ። እንዲያ ሲበራ ከጥር ወዲህ አይቼው አላውቅም። «ፈተናው አለቀ? ልጄ ከኋላ እየመጣ ነው?»

ወጣቱ ክንዱን ያዘው። «ከቤት ራቅ እንበል አባቴ። ዝቅ ብለን እናውራ... እናታችን እንዳይሰሙ።»

አባቴ ባለበት ደርቆ ቆመ።

«በወጉ ሽማግሌ ይዤ መምጣት ነበረብኝ» አለ ጌታቸው እያለቀሰ። «ሽማግሌ ቢሰበሰብ ግን እሳቸው ይነቁብናል ብዬ ብቻዬን መጣሁ። ፈንታሁን ሰኔ ሁለት ቀን አርፏል። ተስቦ ነው። ተስቦ የሚያመጣው ቅማል እንደሆነ እኔና እሱ አብረን ተምረነዋል፤ የመንገደኛ አንሶላ ሲሰበስብም 'ተው' ብዬዋለሁ። 'ቀቅዬ ነው የማጥበው' ይለኝ ነበር። ከመቀቀሉ በፊት በክንዱ ታቅፎ ይሸከመው እንደነበረ ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ሞተ። ትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ። 'እናቴ ኪኒኗን ሳትጨርስ ሞቴን እንዳትሰማ፤ ኀዘኑ ያቋርጣታል። መጋቢት ላይ ትጨርሳለች። ያን ጊዜ ንገሯት' አለኝ። የቀረውን ኪኒን እኔ ደሞዝ ስይዝ እየገዛሁ እልካለሁ። እባክዎ አባቴ፣ ለሳቸው ሲሉ አያልቅሱ። እባክዎ...»

አባቴ አልጮኸም። ቀንበሩን ተደግፎ ቆሞ፣ እስከ ዛሬ በጆሮዬ በሚደወል ድምፅ «ጩኽ ልጄ፣ ጩኽ» አለው። «የሚሰማህ የለም። እናቱ ሞታለች። ከጥር ጀምሮ ሞታለች።»

ጌታቸው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ሣጥኑን መሬት ላይ አኖረና አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። የመንደሩ ሰው የደረሰው በእኔ ጩኸት ነው። አባ ተክለ ማርያም መጥተው ሁሉን ሲሰሙ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ «እኔ ነኝ... እኔ ነኝ» እያሉ ደጋገሙ። አባቴ ግን አንድም ሰው አልወቀሰም። በሬዎቹ ሳይፈቱ እስከ ቀትር እንደተጠመዱ ቆሙ።

ሣጥኑ ውስጥ ሰባት ክር ነበር፤ የግንቦቱ ገና ከእጄ አልወጣም። ስድስቱን ፈንታሁን በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ የወሩን ስም ጽፎ አስቀምጧቸዋል። የጥሩን ክር ጌታቸው ከትራሱ ሥር ነው ያገኘው። እሱ ሳያውቀው የሷም የእኔም ቋጠሮ ያለበት ክር፤ እሷ ሕይወቷ ያለፈበት፣ እኔ የዋሸሁበት። ለምን ያን መረጠ? ቋጠሮው ሲለወጥ አይቶ ይሆን? ጠርጥሮ ይሆን? ወይስ እንዲሁ እጁ የገባውን ነው የወሰደው? ይህን የሚመልስልኝ ሰው ከመሬት በታች ነው። ዕድል እንዲህ ናት። የእናት ሞት ከልጇ ተደበቀ፤ ልጅም ሞቱን ከእናቱ ደበቀ፤ ሁለቱም አንዳቸው የሌላውን ለቅሶ ሳያለቅሱ ሄዱ። እኛ የቀረነው ለሁለቱ አለቀስን። እኔ ያልሰጠሁት መርዶ ወንድሜን ቀብሮታል፤ ይህን ከራሴ በቀር ማንም ፈርዶብኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጌታቸው ሊሄድ ሲነሣ ሳሌን ሰማ። ጆሮውን ከጀርባዬ ላይ አስጠጋ፤ ልክ እንደ ፈንታሁን ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ኪኒኑ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ከግድግዳው ቀዳዳ አምስት ያልተከፈቱ ጠርሙሶች አወጣሁለት። አንዱን ከፍቶ በእጄ ላይ አኖረልኝ።

የጎደለውን እሱ ከሚሠራበት ክሊኒክ በገብሬ እጅ ይልክልኝ ነበር። የመጨረሻዋን ኪኒን የዋጥኩት ታኅሣሥ ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አስሎኝ አያውቅም።