ከቱቦው ሥር ያለቀሰው ሕፃን

መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉት። ዘጋችሁት? በደንብ? እንግዲያው እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔ አፌን ልስጣችሁ።

አንድ ሰው ነበር። አሰግድ ይባላል። ሚስቱ የሺመቤት ናት፣ ልጁ ረድኤት፤ ገና ትንሽዬ ልጅ። ይሄ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶብስ ገዛና ወንበሩን ነቃቅሎ ቤት አደረገው። አልጋ አስገባ፣ ቡታጋዝ አስገባ፣ ላቫንዲኖ ሳይቀር ገጠመለት። የላቫንዲኖው ውሃ በቱቦ ወርዶ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ሲቆሙ ከሥሩ ባልዲ ሊያስቀምጡለት ነው። "ሆቴል ምን ያደርግልናል? ቤታችንን ይዘን እንዞራለን" እያለ ሰፈሩን አሰለቸው።

የመጀመሪያ ጉዟቸው ወደ ሐይቅ ነበር። ግን የት ሊደርሱ። ገና ከከተማ ሳይወጡ ቁም ሳጥኑ ተከፈተና በርበሬው አልጋው ላይ ተደፋ። ሦስቱም እያስነጠሱ ሄዱ። አንተ ገረመው፣ አትሳቅ፤ የምትስቅበት አይደለም። ቀጥሎ ጎማ ፈነዳ። እሱን ሲቀይሩ መሸ። መንገዱ ጭር አለ። ሰው የለ፣ ከብት የለ። ስሟን የማላውቃት አንዲት መንደር ዳር፣ ትልቅ ሾላ ሥር አቆሙ።

የሺመቤት ደክሟት ከልጇ ጋር ጋደም አለች። "ባልዲውን እንዳትረሳ" አለችው። "እሺ" አለ። ፓስታ ቀቀለ። ባልዲውን ረሳው? አልረሳውም። ውጭው ጨለማ ነው፤ ፈራም፣ ሰነፈም። የፈላውን ውሃ ላቫንዲኖው ውስጥ ገለበጠው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ማታ ሙቅ ውሃ ደጅ ሲደፋ ምን ይባላል? አዎ፣ በስመ አብ ይባላል። ለምን? የማይታዩት ከነልጆቻቸው ደጅ ስለሚሆኑ፣ ሰምተው ገለል እንዲሉ ነዋ። አሰግድ ይሄን አያውቅም? እናቱ ስትል እየሰማ ነው ያደገው። ግን እሱ የደፋው ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ቆሞ ማን በስመ አብ ይላል?

ውሃው ወርዶ ሳያልቅ ከወለሉ ሥር አንድ ነገር አለቀሰ። ቀጭን ድምፅ ነው። "ድመት ነው" አለ ለራሱ። ልቅሶው ቀጠለ። "ጅብ ነው" አለ። ጅብ እንደ ሕፃን ያለቅሳል? አያለቅስም። ከዚያ አውቶብሱን የሚዞር ኮቴ ተሰማ። ዞረ፣ ዞረ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ቤቶች" አለ የሴት ድምፅ።

አሰግድ በመስኮት አየ። ነጠላ የተከናነበች ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ፊቷ አይታይም።

"ልጄን በፈላ ውሃ ያቃጠለብኝ ማነው?"

የመንደሩ ሰው መሰለችው። ደነገጠ። ባልዲው ትዝ አለውና ልቡ ወቀሰው። አፉ ግን ቀደመው። ልጅ አጠፋ ከተባለ ማን ይቆጣል? እናንተስ ስንቴ ልጁ ነው ብላችኋል?

"ልጄ ናት እህቴ፣ ነፍስ አላወቀችም። ይቅር በይን።"

ሴትየዋ "ልጅህ ናት?" አለችው።

"አዎ፣ እሷ ናት።"

"ይሁን። አንተ ካልክ እሷ ትሁን" ብላ ሄደች።

ወዲያው ረድኤት ከእንቅልፏ ጮኸች። "አባዬ፣ እግሬን" ትላለች። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተልጦ ውሃ ቋጥሯል። የሺመቤት ባነነች። አሰግድ ሞተሩን ሊያስነሳ ሮጠ፤ መብራት አብርተው ስላመሹ ባትሪው ወርዷል። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

"ረድኤት ከመቼ ወዲህ ነው ፓስታ የምትቀቅለው?" አለችው። "ውጣ። ውጣና እውነቱን ንገራት።"

ወጣ። ብቻውን። እናንተ ብትሆኑ ትወጡ ነበር? ሴትየዋ ቱቦው ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ተንበረከከ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ባልዲውን ያላስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልጄ ተኝታ ነበር። አፈርኩና በልጄ አላከክሁ።" እያለቀሰ ነው የሚናገረው።

"አውቃለሁ" አለችው። "ውሃውን ሳታየን ነው የደፋኸው፤ እሱን ይቅር ብያለሁ። ልጅህን ግን እያወቅህ ነው የሰጠኸኝ። የሰጡኝን አልመልስም።"

ዞር አለች። ነጠላዋን ገለጥ አደረገችው። የታቀፈችው ልጅ የረድኤት ፊት አላት። ዓይኗን ከፈተችና "አባዬ" አለችው።

እንዴት እንደገባ አያውቅም፤ ብቻ ሮጦ ገባ። ረድኤት አልጋው ላይ አለች። ትተነፍሳለች። እግሯ ድኗል፣ ጠባሳ እንኳ የለውም። የሺመቤት እያለቀሰች ትስማታለች። እሱም ሊስማት እጁን ዘረጋ።

ልጅቷ ወደ እናቷ ሸሸች።

"እማዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኚህ ጋሼ ማናቸው?"

አድጋ፣ ተድራ፣ እስክትቀብረው ድረስ አባዬ ብላው አታውቅም። አንቱ እንዳለችው ቀረች።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። መንገድ ላይ ማነው ያጠፋው ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ ያጠፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ እኔ ነኝ በሉ።