ጋቢናው ላይ የሸተተኝ ሎሚ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ለቅሶ ቤት ስለ ሟች ድምፅ ሲያወሩ «ኧረ ሌላ ጨዋታ አምጡ» እያልኩ የማቋርጥ፣ ሃያ ዓመት ነፋስ ስልክ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ መካኒክ። ለእኔ ድምፅ ካለ የላላ ብሎን አለ፣ ሽታ ካለ የሚያፈስ ወይ የሚቃጠል ነገር አለ፣ አለቀ። እመነኝ፣ እኔው ላይ ባይደርስ ኖሮ ይሄን በሚያወራ ሰው መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ማሽተት አልችልም። በኮሮና ጊዜ እኔና ባለቤቴ አስካለ በአንድ ሳምንት ወደቅን፣ እሷ አልተመለሰችም፣ እኔ ተነሳሁ፣ አፍንጫዬ ግን እዚያው ቀረ። ድሮ ኮፈን ሳልከፍት ነበር የማውቀው፣ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ቺንጋ፣ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ባትሪ፣ ጣፈጥ ያለ ነገር ከሸተተ የራዲያተር ውሃ። አሁን ወጥ ማረሩን የማውቀው ጭሱን ሳይ ነው። አፍንጫ የሌለው መካኒክ ምን ይሠራል፣ ጋራዡን ትቼ በአሮጌ መኪናዬ ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። የአስካለን ነጠላ ሳላሳጥብ በፌስታል ቋጥሬ አስቀምጬዋለሁ፣ አንዳንዴ አውጥቼ ፊቴን እቀብርበታለሁ፣ ምንም የለውም፣ ጨርቅ ነው። ከዚህ የባሰ ብቸኝነት እኔ አላውቅም።

አስካለ ደግሞ መኪና አይስማማትም ነበር፣ ገና ሞተር ሲነሳ ያጥወለውላታል። ስለዚህ ሎሚ ሳትይዝ አትሳፈርም፣ ጋቢና ትቀመጥና መስኮቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋ፣ ሎሚዋን በጥፍሯ ጫር ጫር እያደረገች ታሸታለች። ታዲያ አፍንጫዋ ለጉድ ነው፣ ከእኔ ቀድማ «አቁም፣ የሆነ ነገር ይሸታል» ትላለች፣ እኔ «መካኒኩ ማነው?» ብዬ እከራከራለሁ፣ አቁሜ ሳይ ሁሌም ልክ እሷ ናት።

ሐምሌ ላይ ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ያካፋል። ጀሞ ሰው አውርጄ ባዶዬን ወደ ጎፋ ስመለስ፣ ላፍቶ ጋ ሎሚ ሸተተኝ።

ስንት ዓመት ምንም ሳይሸተኝ ኖሬ! አፍንጫዬ ተመለሰ ብዬ በደስታ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እጅጌዬን አሸተትኩ፣ ምንም። ጥብስ የበላሁበትን እጄን አሸተትኩ፣ ምንም፣ ሎሚው ብቻ ነው ያለው። ያኔ መካኒኩ ነቃ፣ የራዲያተር ውሃ ይሆን ብዬ የሙቀት መለኪያውን አየሁ፣ ደህና ነው። የአየር ማስገቢያውን ዘጋሁ፣ ባሰ። መስኮቴን ከፈትኩ፣ ጭራሽ ባሰ። ወደ ጋቢናው ጠጋ ስል ይበረታል፣ ራቅ ስል ይቀንሳል። መንገዱ ተዘጋግቶ ስቆም ጎንበስ ብዬ ወንበሩ ስር ዳበስኩ፣ ባዶ ነው። እንደ ጎነበስኩ ከላዬ ቀጭ… ቀጭ… የሚል ሰማሁ፣ የመስኮት ማዞሪያ ድምፅ።

ቀና ስል፣ ጠዋት ራሴ ጥርቅም አድርጌ የዘጋሁት የጋቢናው መስኮት አራት ጣት ያህል ወርዷል። ዝናቡ እየገባ ነው፣ በሩ ከውስጥ ርሷል፣ ወንበሩ ግን ደረቅ ነው፣ ጠብታ የለበትም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ከእኔ አፍ የወጣው «እሺ በቃ፣ አቆምኩ» የሚል ነው። ጥግ ይዤ ቆምኩ፣ የቆምኩት በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት አጠገብ ነበር።

«ጋሼ! አጥፉት! ቤንዚን ነው እኮ የሚሸተው፣ እሳት አለኝ!» ብላ ምድጃዋን ከነበቆሎው አንስታ ሮጠች።

አጥፍቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። የቤንዚኑ ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ፣ ከጋለው የጭስ ማውጫ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ጠብ ጠብ ይላል። ትንሽ ብቀጥል ኖሮ ዛሬ ይሄን አላወራህም ነበር።

«እንዴት አልሸተተዎትም?» አለችኝ ከሩቅ።

«የሸተተኝ ሎሚ ነው» አልኳት። አየት አደረገችኝና ምድጃዋን ይዛ ትንሽ ራቅ አለች፣ አልፈርድባትም።

ሞተሩ ሲበርድ የተሰነጠቀውን ቆርጬ ቱቦውን መልሼ አሰርኩት። እጄ በቤንዚን ርሶ ወደ አፍንጫዬ ወሰድኩት፣ ምንም። ቶሎ ብዬ ጋቢናው ውስጥ ጭንቅላቴን አስገባሁ፣ ሎሚውም የለም። ከሞት ተርፌ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለማንም አላወራሁም። ባለፈው ሳምንት ግን ጎፋ የጫንኳት አንዲት ሴትዮ ከኋላ ሆና «ሎሚ ይዘዋል እንዴ? ደስ ሲል!» አለችኝ። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ወዲያው ጥግ ይዤ ሴትዮዋን አወረድኳት፣ ቱቦውን፣ ቺንጋውን፣ ባትሪውን፣ ፍሬኑን፣ ሁሉንም ፈተሽኩ፣ አንድም ብልሽት የለም። እሷ ግራ ገብቷት ሌላ መኪና ይዛ ሄደች፣ እኔ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያላየሁት ብልሽት ይኖር ይሆን፣ ወይስ አስካለ እንዲሁ አብራኝ ልትሄድ ፈልጋ ነው? እኔ እንጃ።

ገባሁና የጋቢናውን መስኮት አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረግኩላት፣ ጀሞ እስካለው ቤቴ ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ ዝናቡም መንገዱን ሙሉ አላቆመም። በሩ ላይ ስደርስ ወንበሩን በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነበር።