ከጠርዝ የወጣ አይመለስም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ። ፀሐይዋ ሳሎናችን ድረስ ገብታለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሰዓት ሠሪ ነው። ሁለታችንም ሳንወልድ ሳንከብድ አንድ ቤት ቀረን። በእኛ ዕድሜ ሰው የልጅ ልጅ ያጫውታል፤ እኛ ጦርነት እንጫወታለን።

ሰፊው ጠረጴዛችን ባሕርና የባሕር ዳርቻ ሆኖ ተቀብቷል። አውራ ጣት የማያህሉትን ሰዎች ጋሼ ከእንጨት ይቀርጻቸዋል። በየተራ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ እየወረወርን እናንቀሳቅሳቸዋለን። የኔዎቹ ቀይ ኮት የለበሱ የቅኝ ገዥ ወታደሮች፣ የሱዎቹ አንድ መርከብና አንዲት ትንሽ ጀልባ ያሏቸው የባሕር ወንበዴዎች ናቸው።

የወንበዴዎቹን አለቃ ራሱን አስመስሎ ሠራው፣ መላጣው ሳይቀር። የኔን መኮንን ደግሞ አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ጠምጥሞለት "ይሄ አንቺ ነሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

ሕጋችን ሁለት ነው። ከጠረጴዛው ጠርዝ የወጣ አይመለስም። የተማረከ በክር ይታሰራል፤ የሚፈታውም በምትኩ ሌላ ሲታሰር ብቻ ነው።

ያን ቀን ጋሼ ለልብ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ገባ። ጨዋታውን መሃል ላይ ትተነው ነበር።

"ተራው የኔ ነው። እስክመጣ እንዳትነኪው" አለኝ ሲወጣ።

"ኧረ ማን ይነካብሃል! አንተ ብቻ በሰላም ተመለስልኝ።"

ቀዶ ጥገናው ተጀመረ ሲሉኝ ብርድ ልብስ ላመጣለት ቤት ደረስኩ። በሩን የቆለፍኩት እኔ፣ ቁልፉም ያለው እኔ ጋ።

ጠረጴዛውን አየሁት...

መላጣው አለቃ መርከቡ ላይ የለም።

ትንሿ ጀልባ ላይ ተቀምጧል። ብቻውን። ፊቱን ወደ ጠርዙ አዙሮ።

"ምን ጉድ ነው?" አልኩ። ድመት እንኳ የለንም።

ብርድ ልብሱን ከመኝታ ቤት ይዤ ስመለስ...

ጀልባዋ ጠርዙ ጋ ልትደርስ ጣት ያህል ቀርቷታል።

ስልኬ ጮኸ። ነርሷ ናት።

"ቶሎ ይምጡ... ልባቸው ደከመብን።"

ወንድሜን ላጣው ነው! ተራዬ አልነበረም፤ ታዲያ ማን ስለ ተራ ያስባል? ስልኩን በትከሻዬ እንደያዝኩ መኮንኔን አንስቼ ጀልባዋ ፊት ገተርኩት። ቀይ ክር መዝዤ የአለቃውን እጆች አሰርኩ። ቋጠሮው እናቴ ስፌት ስታስተምረኝ ያሳየችኝ ነው፤ ዛሬ ከኔ በቀር የሚችለው የለም።

"ቆይ... ቆይ... ልባቸው ተመለሰ!" አለች ነርሷ።

እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ጋሼ በማግስቱ ነቃ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ግንባሩን ልስመው ጎንበስ ስል በሹክሹክታ...

"ፍቺኝ።"

"ምን አልከኝ ጋሼ?"

"ጀልባዋ ይዛኝ እየሄደች ነበር... ለምን አሰርሽኝ?"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ሁለቱም የእጅ አንጓዎቹ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ዞሯል።

ቤት ከገባ ወዲህ እህል አልቀምስ አለ። ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ "ፍቺኝ" ይለኛል።

"አልፈታህም! ብትጠላኝም ጥላኝ።"

ብፈታው የት እንደሚሄድ አውቃለኋ።

ዛሬ ጠዋት ግን ሳቁን ሰማሁ። ቁርስ አምጪ አለኝ! እሰይ ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ...

አንጓዎቹ ጥርት ብለዋል።

ጠረጴዛው ላይ መላጣው አለቃ እጁ ተፈቶ መርከቡ ላይ ቆሟል።

ጀልባዋ ላይ ሜትር የጠመጠመው መኮንን ፊቱን ወደ ጠርዙ አዙሮ ተቀምጧል። እጆቹ በቀይ ክር ታስረዋል።

"ጋሼ... አንተ ነህ?"

ጎንበስ ብሎ አየው። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

"እኔማ ይሄን ቋጠሮ መች አውቀዋለሁ?"

እውነቱን ነው። ቋጠሮው የእናቴ ነው።

ክሩን በመቀስ ሞከርኩት፣ በምላጭ ሞከርኩት። እምቢ አለ።

ይህን ስልኬ ላይ የምጽፍላችሁ በአንድ አውራ ጣቴ ነው። ሁለቱ አንጓዎቼ ተጣብቀው አልላቀቅ ብለውኛል...

ጋሼ መኝታ ቤት አጠገቤ አልጋው ላይ ተኝቷል። ሲያንኮራፋ ይሰማኛል።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ዳይሱ ሲንከባለል ሰማሁ...