የሚለቀው ቀይ

ትራም ወደ ከተማይቱ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በወንዙ ዳር ያለው የቀለም ቤት ግቢ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ የፓርቲው የድል በዓል ደርሶ ለሰልፈኛው ሁሉ ባንዲራና የአንገት ልብስ እንዲዘጋጅ ታዝዟልና። ያዘዙት የፓርቲው ንብረት ክፍል ሹም ነበሩ፤ ትእዛዙን የተቀበሉት ነጋዴም እኚሁ ሰው ነበሩ። በሻጭነት ይፈርሙና፣ ተነሥተው ወንበር ቀይረው፣ በገዢነት ይፈርማሉ፤ ከተሜው «አቶ ሁለቴ» ያላቸው ስለዚህ ነው።

ቀለም ቤቱን ደፋ ቀና ብላ ያቆመችው ግን ታላቅ እህታቸው ናት። አባታቸው ሙያውን ለእርሷ፣ ምላሱን ለወንድ ልጃቸው አውርሰው አረፉ። እርሷ የነከረችው ጨርቅ አልቆ ክር ቢሆን እንኳ ቀለሙን አይለቅም ይባል ነበር፤ በዚህ ዓለም የምትኮራበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

«ጨው ገና አልገባበትም» አለቻቸው ያን ጠዋት፤ «ቀለሙን የሚያጸናው እሱ ነው። በዓሉን በሳምንት ግፋልኝ።»

«እትዬ፣ በዓል ይገፋል እንዴ? ለሊቀ መንበሩ ቃል ገብቻለሁ።»

«የገባው ማነው? ነጋዴው ነው ሹሙ?»

«ሁለታችንም» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት እንኳ አልነበረም።

«እንግዲያው ለሁለታችሁም ልንገራችሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

«ደግሞ ሰው ፊት አንተ አትበይኝ።»

ጋሪዎቹ መጥተው ጨርቁን እንደ ረጠበ ጭነው ሄዱ።

በሰልፉ ቀን ዝናቡ ዶፉን አወረደው። ቀዩ ከባንዲራው ወደ እጅጌ፣ ከአንገት ልብሱ ወደ ነጭ ሸሚዝ ይወርድ ጀመር፤ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ከአገጫቸው እስከ ሆዳቸው ቀልተው ቀሩ። እህት ከሕዝቡ መካከል ሆና፣ የአባቴ ቤት ስም ዛሬ አበቃለት ስትል፣ ወንድሟ ወደ መድረኩ ሲወጡ አየች። ጥፋቱ የእኔ ነው ይል ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች፤ ሞኝ ናት።

«ወገኖቼ!» አሉ፤ «ባንዲራችሁ ከገላችሁ ጋር ተዋሐደ! ይህ ሳይታሰብ የሆነ ይመስላችኋል?»

አደባባዩ በጭብጨባ ተናጋ። «ወይ አንተ ልጅ!» አለች እህት፤ የሰማት የለም።

ሳምንት ሳይሞላ ሚኒስትር ሆኑ። ሹመታቸውንም ሊያበሥሯት ቀለም ቤት ድረስ መጡ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እትዬ። ከእንግዲህ የፓርቲው ቀይ ሁሉ እንዲለቅ ተወስኗል። ጨው የሚባል ነገር እንዳይነካው።»

«ሻጩስ ምን አለ?»

«ገዢው ካዘዘ ምን ይላል?»

ምን ታድርግ? የሠራተኞቿ ጉሮሮ አለ። ጨውን ከነማሰሮው ጓዳ ከታ ዘጋችበት፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከቤት አትወጣም ነበር።

ፓርቲው ከወደቀ ዘመን አልፎታል። ስለ ሚኒስትሩ ግን ታሪክ ጸሐፊዎች፣ አንዱ ሌባ ሌላው ባለ ራእይ እያለ፣ ዛሬም አልተስማሙም፤ ያ የቀላ የሊቀ መንበሩ ሸሚዝ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ይጎበኛል። ስለ እህታቸው የተጻፈው ከሸሚዙ ሥር ያለች አንዲት መስመር ናት፤ «የሚለቀውን ቀይ የፈለሰፈች» ትላለች።